ታንኩ ሳይደርቅ

«አባባ እጁ አልቋል» ብሎ ወንድሜ ለቆጣሪ አንባቢው ሲነግረው፣ አባባ ከሁለት ክንድ በማይርቅ ቦታ በርጩማው ላይ ተቀምጦ ነበር። ወንድሜ ድምፁን እንኳ ዝቅ አላደረገም። «ዕድሜም ነው፣ ስኳሩም ነው፣ ጣቶቹ አይሰሙትም። ባለፈው ሳምንት የጋለ ጭስ ማውጫ ጨብጦ፣ እየተቃጠለ መሆኑን የነገረው የገዛ ቆዳው ሽታ ነው። የሞተርህን የቤንዚን ታንክ እኔ አየዋለሁ፤ ካልሆነም ለሌላ ጋራዥ እንሰጠዋለን።» ቆጣሪ አንባቢው ቤት ለቤት እየዞረ የውሃ ቆጣሪ የሚያነብ፣ ለሞተር ብስክሌቱ ከሚስቱ በላይ ይሳሳል ተብሎ የሚታማ ሰውዬ ነው። አፈረ። አባባን በጎን አየት አደረገና «አባ ዳዶ መቼም ያውቁበታል» አለ፣ ለማለት ያህል። አባ ዳዶ የሚሉት ኪሱ ዘወትር በቡሎን ዳዶ ስለሚንሿሿ ነው። ልጆች ሳለን ከሥራ ሲመለስ በሩን ከማንኳኳቱ በፊት የምንሰማው ኪሱን ነበር። እኔ ምሳቸውን ይዤ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። ሳህኑ እጄን እየፈጀኝ ነው፤ ግን የምገባበትን ጊዜ አላገኘሁም።

ጋራዡ ከቤታችን ፊት ለፊት፣ ወደ መንገዱ የተከፈተች አንዲት ክፍል ናት። ሠላሳ አንድ ዓመት የአባባ ነበረች። ስኳሩ ሲጠናበት ለወንድሜ አስረከበውና ለራሱ መስኮቱ ሥር ያለችውን የሥራ ጠረጴዛ ብቻ አስቀረ፤ እሷ ጋ ተቀምጦ የተበላሸ ፍሬን ይፈታታል፣ የዛገ ቡሎን በዘይት ይዘፈዝፋል፣ ላፊ አግዳሚውን ይሰድባል። አሁን ወንድሜ ጎማ የሚፈታ ማሽን አዟል። ማሽኑ የሚገባበት ቦታ የለም። እኛ ቤት ማንም «ጠረጴዛው ይነሳ» ብሎ አያውቅም፤ ግን ሁላችንም በዚያ በኩል ስናልፍ ጠረጴዛውን በዓይናችን እንለካው ነበር።

አባባ ከበርጩማው ሳይነሳ «ታንኩን አምጣው» አለ። «ዝገቱን አጥቤ፣ አድርቄ፣ ከውስጥ ለብጬ እሰጥሃለሁ።»

«አባባ፣ አትልፋ...»

«ከተበላሸ ጠረጴዛውን አንሳውና ማሽንህን አስገባ። አንዲት ቃል አልተነፍስም። ካልተበላሸ ግን ማሽንህን የትም ውሰደው።»

ወንድሜ እኔን አየኝ፤ ደንበኛውን አየው። ሰው ፊት ነውና እምቢ ማለት አልቻለም። «እሺ። ግን የሰውዬው የዓመት ፈቃድ ቅዳሜ ያልቃል፤ ሞተሩ ለሥራ ትፈለጋለች። መለበጃው አራት ቀን ካልደረቀ ቤንዚን አይገባበትም። ማክሰኞ አሥር ሰዓት ላይ ካልተለበጠ መጥቼ እወስደዋለሁ፤ ከዚያ በኋላ መጨቃጨቅ የለም» አለው። እሁድ ዕለት አባባ ታንኩን በአቼቶ ሞልቶ፣ አፉን በፌስታልና በላስቲክ አስሮ አስቀመጠው። ማታ እራት ስንበላ ደግሞ ወደኔ ዞር ብሎ «ማክሰኞ ሥራ ትገቢያለሽ?» አለኝ። እኔ ላውንደሪ ቤት ልብስ ተኳሽ ነኝ፤ ያኔ ዘጠነኛ ዓመቴ ነበር። ከመተኮሱ ይልቅ ከባዱ መለየቱ ነው። የሆቴል አንሶላ ትንሽ እርጥበት ይዞ ከታጠፈ ይሻግታል፤ አንዱ ከሻገተ የደርዘኑ ዋጋ ከደሞዝ ነው የሚቆረጠው። ጣታችን ሙቀት ስለለመደ ይዋሻል። ስለዚህ የአንሶላውን ጫፍ ከንፈራችን ላይ እናደርገዋለን፤ እርጥበት ካለው ከንፈር ላይ ይቀዘቅዛል። «አንቺ እርጥብና ደረቅ ለይተሽ ደሞዝ የምትበዪ ሰው ነሽ» አለኝ አባባ። «የኔ ጣት ለዚህ አይሆንም። ያንቺን አውሺኝ።» በሕይወቱ እርዳታ ሲጠይቀኝ የመጀመሪያው ይመስለኛል። የላውንደሪዋን ኃላፊ ለምኜ እስከ ስምንት ሰዓት ፈቃድ ወሰድኩ።

ማክሰኞ ሰማዩ ከጠዋቱ ጀምሮ አኩርፎ ነበር። አባባ አቼቶውን ባልዲ ውስጥ ሲደፋው እንደ ቀይ ሻይ ሆኖ ወጣ። ከዚያ ከኪሱ ሃያ ዳዶ ቆጥሮ በታንኩ አፍ አስገባ፣ ሳሙናና ሙቅ ውሃ ጨመረበት፣ ታንኩን በአሮጌ ብርድ ልብስ ጠቀለለውና እየተፈራረቅን ወዘወዝነው። ዳዶዎቹ የቀረውን ዝገት ይፍቁታል። ጩኸቱ ግን የሠርግ ቤት ነው። ከአጥሩ ማዶ ጎረቤታችን «አባ ዳዶ፣ ሙዚቃ ቤት ከፈቱ እንዴ?» ብላ ተጣራች። «አዎ፣ መግቢያው በነፃ ነው! ይዘሽው የምትመጪው ሰው ካለ እሱ ይከፍላል!» አላት፤ እሷም ከት ብላ ሳቀች። አባባ እንዲህ ሲቀልድ ከሰማሁት ቆይቼ ነበር። ዳዶዎቹን ሲያወጣ አንድ በአንድ ጣሳ ውስጥ እየጣለ በድምፃቸው ቆጠራቸው፤ ጣቱ ላይ መሆናቸውን አያውቅማ። አሥራ ዘጠኝ ሆኑ። ሃያኛዋን ፍለጋ ታንኩን ወደ ላይ ወደ ታች፣ ወደ ግራ ወደ ቀኝ ስንገለብጥ አንድ ሰዓት ገደማ ሄደ። ወንድሜ ሁለት ጊዜ ወደ ጓሮ ብቅ ብሎ ተመለሰ። በስተመጨረሻ ዳዶዋ ስትወጣ አባባ ግንባሩ ላይ አስደግፏት «አንቺ ባለጌ» አላት።

በሶዳ አጠብነው፣ በንጹሕ ውሃ አለቀለቅነው። ከዚያ አባባ አንድ ጠርሙስ ስፒሪት ጨመረና ቀስ እያለ አሽከረከረው። የሞተር ብስክሌት ታንክ ከሆዱ በኩል እንደ ኮርቻ የታጠፈ ነው፤ ግራና ቀኝ ሁለት ኪስ አለው። «ውሃ ጥግ ይወዳል» አለኝ። «ገልብጠሽው ወጣ ስትዪ አንዱ ኪስ ውስጥ ተሸጉጦ ይስቅብሻል። ስፒሪቱ ነው አባብሎ የሚያወጣው። የተረፈውን ደግሞ አየር ይጨርሰዋል። እርጥብ ላይ የተለበጠ ታንክ ያማረ ይመስልና ወር ሳይሞላው ይላጣል። የተላጠው ደግሞ ወደ ካርቡራተር ይወርድና ሰውዬውን መንገድ ላይ ያስቀረዋል። ሥራው ማድረቁ ነው፤ መለበጡንማ ማንም ይለብጠዋል።» ይህን ሁሉ የነገረኝ ታንኩን ጭኑ ላይ አስተኝቶ፣ ቀና ብሎ ሳያየኝ ነው። ስለዚህ አላውቅም ነበር የምልበት ቀዳዳ የለኝም።

ፀሐይ አልወጣ አለች። ከፀጉር ቤቷ ባለቤት የፀጉር ማድረቂያ ተውሼ መጣሁና፣ አቧራ የማይገባው ክፍል የእማዬ መኝታ ቤት ብቻ ስለሆነ፣ ታንኩን አልጋዋ ላይ ፎጣ አንጥፈን አስቀመጥነው። አባባ ማድረቂያውን በአፉ በኩል ደግኖ ተቀመጠ። እማዬ በሩ ላይ ቆማ ለረጅም ጊዜ አየችው። «አርባ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ፀጉሬን ያላደረቀልኝ ሰውዬ ለቆርቆሮ ሎሌ ሆነ?» አለች። አባባ ሳይዞር «አንቺን ዝገት አይበላሽማ» አላት። እሷም «ዝም ብለህ ነው፤ ጉልበቴን ብትጠይቀው ይነግርህ ነበር» ብላ እየሳቀች ወደ ማድ ቤት ሄደች። ከዚያ በኋላ ሁለታችን ብቻ ቀረን። የማድረቂያው ድምፅ ስላለ አለማውራቱ አልከበደንም። እኔና አባባ ለብቻችን ስንሆን ድሮም የምናወራው የለንም፤ አንዱ ራዲዮ ይከፍታል ወይም ሌላው ተነስቶ ይወጣል። ያን ቀን ግን ድንገት ማድረቂያውን አጠፋና «ወንድምሽን አትቀየሚው» አለኝ። «እኔም በሱ ቦታ ብሆን ይህንኑ ነው የማደርገው። ጠረጴዛው ቦታ ይዟል።»

«ታዲያ ለምን ትለፋለህ?»

«በራሴ ጊዜ ልነሳ ብዬ ነዋ። ተነስ ተብሎ የተነሳና ራሱ የተነሳ ሰው አንድ አይደለም። አንድ ዓመት ልቆይባት፤ ከዚያ እኔው እፈታታለሁ።» ማድረቂያውን መልሶ አበራው።

ሰባት ሰዓት ላይ ከንጹሕ ነጭ ሸሚዝ የተቀደደ ጨርቅ በሽቦ አስሮ ወደ ታንኩ ሆድ አወረደ፣ ክዳኑን ዘጋና ግማሽ ሰዓት ተወው። ስናወጣው ገና ዓይን ያየዋል፤ እርጥብ ነው። ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ደግመን አወጣነው። በዓይን ደርቋል፣ በጣት ደርቋል፤ ከንፈሬ ላይ ሳደርገው ግን በረዶ ነው። «ገና ነው» አልኩት። «ገና ነው» ብሎ ያለምንም ቅሬታ ተቀበለኝ። ስልኬ ጮኸ። የላውንደሪዋ ኃላፊ ናት። «አንቺ ሴትዮ፣ ስምንት ሰዓት የሚባለው በናንተ ሰፈር መቼ ነው? የሆቴሉ አንሶላ እኔን እስኪቀብረኝ ተቆልሏል!» መጣሁ አልኳት። መስኮቱ አጠገብ ቆሜ ሰዓቴን አየሁ። ወንድሜ በግቢው በኩል ሲያልፍ እሱም ሰዓቱን አየ። የቀረን አንድ ሰዓት ተኩል ነው፤ ለብጦ ታንኩን በየጎኑ ለማገላበጥ ደግሞ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ያስፈልጋል። አባባ ብቻ ሰዓት የሌለው ሰው ይመስላል። ማድረቂያውን ከአንዱ ኪስ ወደ ሌላው እያዞረ፣ የሆነ ዜማ ያንጎራጉራል።

ለሦስተኛ ጊዜ ጨርቁን ያወጣነው ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ ነበር። አባባ ከሽቦው ፈታና በሁለት እጁ አቀበለኝ። ጣቴ ላይ ሞቅ ብሏል። ከንፈሬ ላይ አደረግኩት፤ መሃሉ ደረቅ ነው። አንዱ ጫፍ ግን፣ ወደ ግራው ኪስ የወረደው ጫፍ መሆን አለበት፣ ቀዘቀዘኝ። ብዙ አይደለም። አንሶላ ቢሆን ወደ ጎን የማደርገው ያህል ነው። አባባ የሚያየው ጨርቁን አልነበረም፤ አፌን ነበር የሚያየው።

«ደርቋል?»

«ደርቋል፣ አባባ።»

«በደንብ?»

«ኩበት ሆኗል።»

ይህን ያልኩት ለሱ ብዬ ነው እያልኩ ብዙ ጊዜ ኖሬያለሁ። አሥር ሰዓት እንዳያልፍበት፣ ወንድሜ መጥቶ ታንኩን ከአልጋው ላይ አንስቶ እንዳይሄድ፣ እዚያው ፎጣው ላይ ባዶ እጁን እንዳይቀመጥ። ይህ ውሸት አይደለም። ነገር ግን በዚያች ሰዓት ልቤ ውስጥ በቅድሚያ የነበረው የላውንደሪዋ ኃላፊ ድምፅ ነው፤ እና መሰልቸት። ከጠዋት ጀምሮ አንድ ቆርቆሮ ዙሪያ መዋሌ፣ የሱ ዝግታ፣ የማድረቂያው ጩኸት ሰልችቶኝ ነበር። ሃያ ደቂቃ ብንጨምር ይበቃን ነበር። ወጥቼ ወንድሜን «ሃያ ደቂቃ ስጠው» ብለው ምናልባት እሺ ይለኝ ነበር። አላልኩም።

መለበጃው በሁለት ጣሳ የሚመጣ፣ ሲቀላቀል ነጭ ሆኖ የሚወፍር ፈሳሽ ነው፤ ዋጋው የሦስት ቀን ደሞዜን ያህል ሲሆን አባባ ከራሱ ነበር የገዛው። ቀላቀለና አንዲት ጠብታ ሳያፈስ በአፉ በኩል ጨመረው። ከዚያ ታንኩን ደረቱ ላይ አቅፎ ማዞር ጀመረ። ሕፃን እንደሚያስገሳ ሰው አቀናው፣ በጎኑ አስተኛው፣ ደፋው፣ መልሶ አቀናው። የማይሰሙት ጣቶች ማለት እነዚያ ናቸው ብሎ የሚያምን ሰው የለም። እኔ እንኳ ለአፍታ የቀዘቀዘኝን ጫፍ ረሳሁት። ወንድሜ ልክ አሥር ሰዓት ላይ መጥቶ ባትሪውን አብርቶ ወደ ውስጥ አየ። ለረጅም ጊዜ አየ። ውስጡ እንደ ሸክላ ሳህን ያብረቀርቃል። «እጅህ ይባረክ፣ አባባ» አለ፤ ድምፁም ውስጥ እፍረት ነበረ። እኔ ወደ ሥራዬ ሮጥኩ። ማታ ስመለስ እማዬ «አባትሽ ዛሬ ሁለት ጊዜ አስጨምሮ በላ» አለችኝ። ወንድሜ ጠረጴዛዋን ሳይነካ ማሽኑን በበሩ በኩል አዙሮ ሊያስገባው መወሰኑን አባባ ራሱ ነገረኝ፤ እንደ ተራ ወሬ አስመስሎ፣ ጫማውን እየፈታ።

በሦስተኛው ሳምንት ቆጣሪ አንባቢው ሞተር ብስክሌቱን እየገፋ መጣ። መስቀለኛ መንገድ ላይ ጠፍታበት፣ የመኪናው ሁሉ ጡሩምባ ተነፍቶበት፣ በላብ ተነክሯል። እኔ ከሥራ ስመለስ ሦስቱም ጠረጴዛዋ ዙሪያ ቆመው ደረስኩ። ወንድሜ ካርቡራተሩን ፈትቶ ጠረጴዛው ላይ በትኖታል። በፒንሳ ከታንኩ አፍ አንድ ነገር ይዞ ሳበ፤ እንደ ስልባቦት የሳሳ፣ ነጭ፣ ረጅም ቆዳ እየተንጠለጠለ ወጣ። ጀርባው በዝገት ቀልቷል። ወንድሜ አልጮኸም። «እርጥብ ላይ ነው የለበጥከው» አለ ብቻ።

አባባ የተላጠውን ተቀበለና በጣቶቹ መሃል አሸት አሸት አደረገው፣ የሚሰማው ይመስል። ወደ ብርሃኑ አነሳው። የትኛው ኪስ እንደሆነ ጠየቀ። «የግራው» አለው ወንድሜ። ያን ጊዜ አባባ ቀና ብሎ እኔን አየኝ። ቦርሳዬን እንደያዝኩ በሩ ላይ ነበርኩ። ቁጣ አላየሁበትም። የሆነ ነገር ቆጥሮ የጨረሰ ሰው አስተያየት ነበር። ከዚያ ወደ ወንድሜ ዞረ።

«ልጅቷ አልደረቀም ብላኝ ነበር» አለ። «እኔ ነኝ የቸኮልኩት።»

«ነግራህ ነው?»

«ነግራኝ ነው።»

«ታዲያ ለምን አትሰማትም፣ አባባ?»

«አልሰማኋትማ።»

ቆጣሪ አንባቢው ግድግዳውን ያያል። እኔ መናገር ነበረብኝ። አፌን የከፈትኩ ይመስለኛል። ሁለት ቃል ነው፤ «ደርቋል ብዬዋለሁ» ማለት። ግን ወንድሜ ወደኔ ሲዞር ፊቱ ላይ አዘኔታ አየሁ፣ ላላዳመጡት ሰው የሚታዘንለትን አዘኔታ፤ እና ዝም አልኩ። በማግስቱ ጠዋት ስወጣ አባባ ጠረጴዛዋ ሥር ተንበርክኮ እግሮቿ የታሰሩባቸውን ቡሎኖች እየፈታ ነበር። ወንድሜ «ተው እኔ እፈታዋለሁ» ይለዋል፤ እሱ ደግሞ «ቁልፉን ብቻ አቀብለኝ» ይለዋል።

ከዚያ በኋላ ስምንት ወር ኖረ። ጋራዡ ውስጥ አልገባም፤ በርጩማውን ጓሮ አውጥቶ ልብስ የሚሰጣበት ገመድ አጠገብ ይቀመጥ ነበር። አንድ ቀን፣ ማንም ሳይኖር፣ «አባባ፣ ያ ታንክ...» ብዬ ጀመርኩ። «የቱ ታንክ?» አለኝና ራዲዮኑን አበራ። ደግሜ አልሞከርኩም። እሱ ግን እንደ በፊቱ ከገመዱ ላይ ካልሲውን አውርዶ ያቀብለኝና «ደርቋል?» ይለኛል። ከንፈሬ ላይ አደርገዋለሁ። አንዳንዴ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ አደርገዋለሁ። «ደርቋል» ስለው ሳያቅማማ እግሩ ላይ ያጠልቀው ነበር። እምቢ ቢለኝ፣ ተጠራጥሮ ለእማዬ ቢሰጣት ይቀለኝ ነበር።

በቀበርነው በሦስተኛው ቀን ሰዉ ቤቱን ስለሞላው ሞተር ብስክሌቶቹ ወደ ውጭ ተገፍተው ጋራዡ ውስጥም ወንበር ተደረደረ። ቆጣሪ አንባቢው የሥራ ልብሱን እንደለበሰ መጥቶ ከጎማ ማሽኑ አጠገብ ተቀመጠ። ሰው ሲቆይ እንደሚያደርገው ስለ አባባ መጨዋወት ተጀመረ፤ ስለ ኪሱ፣ ስለ ስድቡ፣ አንድ ጊዜ የፖሊስ ሞተር ፈትቶ ለሦስት ቀን መግጠም ስላቃተው። ወንድሜም ዓይኑ እንዳበጠ ፈገግ አለ። «ግትር ነበር እኮ» አለ። «የዚህን ሰውዬ ታንክ ያበላሸ ጊዜ፣ እህቴ እርጥብ ነው፣ አልደረቀም እያለችው አልሰማም ብሎ ለበጠው። እርጥብ መለየት የሷ ሥራ፣ አፏም አይዋሽ፤ ትንሽ ቢሰማት ኖሮ እስከ መጨረሻው እዚህችው መስኮት ሥር በሠራ ነበር።» ቆጣሪ አንባቢው አንገቱን እየነቀነቀ «አባ ዳዶ!» አለ፤ ሌሎቹም በፍቅር ሳቁ። ሁሉም ወደኔ ዞሩ።

«ነግረሽው ነበር፣ አይደል?» አለኝ ወንድሜ።

«ነግሬው ነበር» አልኩ።

ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝና ለአዲስ ገቢዎች ወንበር ሊያመጣ ወጣ።